ንጉሣችን አባ ይማምና አንድ ጀሪካን ናፍጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት አጋማሽ

ዛሬም ተጨቃጨቅን። ለቀብርና ለሐዘን ካቋቋምነው ቅሬ ንብረት የተረፈን አንድ ጀሪካን ናፍጣ ነው። ለድንኳኑ መብራት የገዛነው። ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲበረብሩ ከድንኳኑ ሸራ ሥር ስለነበር አላገኙትም።

ጋሽ ካሳዬ ወፍጮ ይዙርበት ይላሉ። የወፍጮው ባለቤት እሳቸው፣ የቅሬው ዳኛም እሳቸው። ሌሎች ደግሞ ለአባ ይማም የውሃ ሞተር ይሁን ይላሉ፤ ብርቱካናቸው ከወንዙ ካልተሳበለት ይደርቃል። ለሁለት ብንከፍለው ወፍጮውም የሰፈሩን እህል አይጨርስ፣ ሞተሩም እርሻውን አያዳርስ። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ነው።

ከተማችን መርሳ ፀጥ ብላለች። መንገዱ ከተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ከጠፋ ወዲህ ቀኑ ራሱ የሚያንቀላፋ ይመስለኛል። በሲሪንቃ በኩል አልፎ አልፎ ከባድ መሣሪያ ያጓራል። ወፎቹ ይበርራሉ፣ ተመልሰው ያርፋሉ።

ወፍጮው ከቆመ ወዲህ የምንበላውን ንፍሮ እናቴ ዛሬም መለሰችው። ጥርስ የላት፣ ሆዷም አልችል ብሏል። ዱቄት ካላገኘሁላት ከእጄ ልታመልጥ ነው። ስብሰባው ላይ ይህን አላነሳሁም። በየቤቱ አንድ የሚያሳዝን አለ።

ማክሰኞ

ሥነ ዜጋ ማስተማሬ ለዚህ ቀን ነበር ለካ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ የሚሰማኝ አጥቼ፣ ዛሬ በምንሰበሰብበት ማንጎ ጥላ ሥር ለጎረቤቶቼ ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ምን እንደሆነ አስተማርኩ። ንጉሡ ይነግሣል እንጂ አይገዛም። የሚወስኑት ሚኒስትሮቹ ናቸው። መንግሥት ምን እንደሚያስቀድም ግን በአደባባይ የሚያነበው ንጉሡ ነው፤ ባይስማማም «መንግሥቴ» እያለ ያነባል።

ይህቺን ወደዷት። የቸገረን እኮ መወሰኑ አልነበረም፣ የሚናገረው ሰው መታጣቱ ነው። ተናጋሪው ይጠላል፤ ነገ ደግሞ ጎረቤት ነን።

በዕድሜ የሚበልጡን አባ ይማም ናቸውና እሳቸውን አነገሥን። ጋሽ ካሳዬ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እኔ ንግግር ጸሐፊ። ዘውዱ የራሳቸው የሰሌን ባርኔጣ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ የኛ ንጉሥ የማይከሰሰው ምንም ስለማይወስን ነው ብዬ አሳቅኳቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን።

ከሰዓት ሸለብ አደረገኝ። ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው አስፋልት ብርቱካን በቅሎበት አየሁ። ሚኒስትሮች በባጃጅ ይመጣሉ፣ ወርደው «ቅድሚያ ለምን?» ይሉኛል። መልሱን አውቀው ነበር። ስነቃ ጠፋኝ።

ረቡዕ

እጅ ወጣ፤ ወፍጮው አሸነፈ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነው ያወጣሁት።

ንግግሩ ግን አልጻፍ አለኝ። ለገዛ እናቴ በአባ ይማም አፍ የምለምን መሰለኝ። የሆነው ሆኖ ጨረስኩትና ላስጠናቸው ወደ እርሻቸው ወረድኩ፤ ዓይናቸው ፊደል መለየት ትቷል። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ብርቱካን ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ሽታው ግን አሁንም ሰውን ያስተኛል።

ደጋግሜ ካነበብኩላቸው በኋላ፣ ለንጉሥ ምን ምን ይፈቀድለታል ብለው ጠየቁኝ። መምከርና ማስጠንቀቅ አልኳቸው።

«እንግዲያው ላስጠንቅቅ» አሉ። «ኅዳር ሳይገባ ውሃ ካላገኘ ይሞታል። ይህን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ንገሪልኝ።»

ነገርኩ። ጋሽ ካሳዬ አንገታቸውን ደፉ እንጂ ውሳኔው አልተለወጠም። አባ ይማም ነገ አላነብም ካሉ ያን ጀሪካን የሚነካ የለም፣ ሁሉም ያከብራቸዋል። እናቴን አያለሁ፣ ዛፎቹን አስባለሁ። ፈራሁ።

ሐሙስ

አነበቡ። ማለቴ፣ በቃላቸው አሉት። ቢስሚላህ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «መንግሥቴ ዱቄትን ያስቀድማል። መንግሥቴ ናፍጣውን ለወፍጮ ሰጥቷል።» ሁለተኛው «መንግሥቴ» ላይ ድምፃቸው ሰለለ። ቃል ግን አልዘለሉም፣ አልጨመሩምም። ያጉረመረመ የለም። እኔ ከማንጎው ግንድ ጀርባ ሆኜ አለቀስኩ።

ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጡና ባርኔጣውን አውልቀው እጄ ላይ አኖሩት።

«ለእናትሽ ቀዩን ማሽላ እንዳታስፈጪ፣ ይከብዳታል» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ነጩ አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ።»

ለካ ንግግሩን ሳስጠናቸው ለማን እንደጻፍኩት ያውቁ ኖሯል።

«ይሄ ምክር ነው» አሉ። «ይፈቀድልኛል አይደል?»

ዓርብ

ወፍጮው ዞረ። ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ እሹሩሩ ያለው መሰለኝ። እናቴ የነጩን ማሽላ ሙቅ ጠጣች፣ አልመለሰችውም። አሁን ተኝታለች። አልሐምዱሊላህ ልል ምንም አልቀረኝ፣ እኔ የማርያሟ።

ከሰዓት እንስራዬን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ጋሽ ካሳዬ ፀጉራቸው ዱቄት እንደለበሰ የውሃ ጀሪካን ተሸክመው ከኋላዬ መጡ። ውሃ ሞልተን እርሻው ስንደርስ አባ ይማም ማሽላውን ልወስድ ስሄድ የመለስኩላቸውን ባርኔጣ ፊታቸው ላይ ደፍተው ጥላ ሥር ጋደም ብለዋል። የትኛውን ዛፍ እናስቀድም አልናቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ከባርኔጣው ሥር። «ሚኒስትሮቹን ጠይቁ።»

ተያየን። ከሁሉ ከጠወለገው ጀመርን። እስኪመሽ ስንመላለስ ያዳረስነው ጥቂት ነው፤ ነገም እንወርዳለን። ይተርፍ አይተርፍ አላውቅም።