ለቀቅ አድርጉት

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 16፣ 2010

«ልጆች፣ እሁድ ለቀቅ አድርጉት። የሚቀጥለውን ዓመት አስቡ። ለጋሽ ታደሰ መንገር አያስፈልግም።»

ቃል በቃል ይህ ነው። ጋሽ ታደሰ እኔ ነኝ፣ አሠልጣኙ። የላከው የቡድናችን ሊቀመንበር ደረጀ ነው፤ ለተጫዋቾቹ በሙሉ፣ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ። ያሳየኝ በረኛችን ሙሉጌታ ነው። ከልምምድ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ስልኩን ዘረጋልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ከተማ ባለው የሐበሻ እግር ኳስ ሊግ አዲስ ተመዝጋቢዎች በየፀደዩ ለስድስቱ የሰፈር ቡድኖች በተራ ይከፋፈላሉ። መጨረሻ የወጣ ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ድራፍት ይሉታል። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ቢራ የሚጋብዙን መስሎኝ ነበር። እኛ የጄን ኤንድ ፊንቾቹና ዳንፎርዞች እኩል ነጥብ ይዘን ከታች ነን። እሁድ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ እርስ በርስ እንጫወታለን። የተሸነፈ መጨረሻ ይወጣል።

ለክረምቱ አንድ አጥቂ ከአገር ቤት ይመጣል፤ ስፖንሰር ያደረገችው እዚህ ያለችው ሚስቱ ናት። አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ውስጥ ተጫውቷል ይባላል። ቪዲዮውን አይቻለሁ። ይችላል፤ አልክድም።

«ለቀቅ አድርጉት።» ሳትጨናነቁ ተጫወቱ ማለትም ይሆናል። ግን ጨዋታ መልቀቅ ምን እንደሆነ ኳስ ያየ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 17

በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው ግቢ ደወልኩለት። (ኢቶቢኮ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የተበላሸ ዕቃ ደህና ነው ብዬ ፈርሜ አላውቅም።)

«ልጆቹን ተሸነፉ ብለሃል?»

«ጋሽ ታደሰ፣ እዚህ አገር ሆኪው ሁሉ በዚህ አይደል የሚሠራው? አንድ ዓመት ትወድቃለህ፣ አምስት ዓመት ታሸንፋለህ። ዘንድሮ ብንሸነፍ ማን ይሞታል?»

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ! ለቡድኑ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ፈተና ያደርጉታል።»

ዘጋሁት። የከፋኝ ደግሞ ሒሳቡ የማይረባ አለመሆኑ ነው። ብናሸንፍ ከስድስት አምስተኛ እንወጣለን። ለአምስተኛ ማን ያጨበጭባል?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 18

የድሮ ማስታወሻዎቼን አወጣሁ። ባለፉት አራት ዓመታት መጀመሪያ የተመረጡት የት ደረሱ?

አንዱ በሦስተኛ ወሩ ሥራ አገኘሁ ብሎ ካልጋሪ ገባ።
አንዱ ጉልበቱን ተጎዳ።
አንዱ አሁንም ይጫወታል፣ ጎበዝ ነው፤ ቡድኑ ግን በዓመቱ ተመልሶ መጨረሻ ወጣ።
አንዱ ለቡድኑ ዋንጫ አስገኝቷል። ይህንን አልደብቅም። ያ ቡድን ግን መጨረሻ የወጣው በየሳምንቱ እየታገለ፣ አቅም አንሶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም መታገሉን አልረሳም። ደረጀ አቅም አጥቶ የወደቀንና ሆን ብሎ የሚወድቅን አንድ ያደርጋል። አጥቂው ሲመጣ ማን ኳስ ያቀብለዋል? መሮጥ ያቆሙት?

ማታ ሙሉጌታ ደወለ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው።

«ጋሼ፣ ለደረጀ ነገርኩት። እኔ ጎሌን አልለቅም፣ ከፈለግክ ሌላ ሰው አቁም አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ። ‹አንተማ ሳትፈልግም ይገባብሃል› አለኝ።»

እኔም ሳቅኩ። አሁን አፈርኩ።

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 19

2 ለ 1 ተሸነፍን።

ሜዳው እርጥብ ነበር። እስከ ዕረፍት 1 ለ 1። ሁለት ተከላካዮች በእግራቸው ይንሸራሸሩ ስለነበር ቀየርኳቸው። አንደኛው ጫማውን እየፈታ ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያላሳዩኝን ጨዋታ ተጫወቱ። ልናሸንፍ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

አሥር ደቂቃ ሲቀር ከሩቅ ደካማ ኳስ መጣች። ሙሉጌታ ጎንበስ አለ። በእግሮቹ መካከል አለፈች።

የዳንፎርዝ ደጋፊዎች፦ «ድራፍቱን ቅዱላቸው!» ሳቁ አያልቅም። የኛው ግራ ተከላካይ መጥቶ የሙሉጌታን ጀርባ መታ መታ አደረገ፦ «አሪፍ አድርገህ ለቀቅካት።»

እኔም ለቀቀው ብዬ አሰብኩ። ይህን እዚህ ካልጻፍኩ የትም አልጽፈውም።

«ጋሼ፣ አምልጣኝ ነው» አለኝ ሲወጣ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ግን ዘግይቼ ነው ያልኩት። ፊቴን አይቷል። ሚስቱ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሰላም ሳትለኝ ገባች።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 20

መልእክቱ የሊጉ ኮሚቴ እጅ ገብቷል። ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ጨዋታ የለቀቀ ለዘለዓለም ይታገዳል፤ ደንቡ ያ ነው። ስሙም በየሐበሻ ማኅበሩ ይነበባል።

ደረጀ ለኮሚቴው ጸሐፊ የሰጠውን መልስ ሰማሁ፦ «ለቀቅ አድርጉት ያልኩት ተረጋጉ ለማለት ነው። ሙሉጌታ በሌላ ተርጉሞት ከሆነ እሱን ጠይቁ።»

ሙሉጌታን ጠይቁ! እምቢ ያለውን አንዱን ሰው!

ሙሉጌታ ስልክ አያነሳም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ።

ኳሷ እንዴት እንዳለፈች መቼም አላውቅም። ዓርብ በስልክ የተባለውን ግን አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው እርስዎ አልኩት።

«ለአቶ ደረጀ፣

ለተጫዋቾች የላኩት ቃል ተሸነፉ ማለት እንደነበር ዓርብ ለእኔ በስልክ አምነዋል። አቶ ሙሉጌታ ከጨዋታው በፊት ጎሌን አልለቅም ብለው እንደነገሩዎት ያውቃሉ። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአማርኛ ፊደል ጽፈው፣ ፈርመው፣ እስከ ዓርብ ሴፕቴምበር 24 ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ለእኔም ለኮሚቴውም እንዲያደርሱ እጠይቃለሁ። ካልደረሰኝ ቅዳሜ የሰማሁትን ቆሜ እናገራለሁ፣ አሠልጣኝነቴንም እዚያው አስረክባለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።»