የዘነቡ ታፋ

ጥቅምት 8 ቀን 1999
ጠዋት ስታዲየም። ሴት ሯጮቼን ስድስት ዙር አስሮጥኳቸው። ዘነቡ ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ለሐዋሳው ውድድር ስምንት ሳምንት ቀርቷል፤ ይቺን ይዤ ካላሸነፍኩ ፊሽካዬን እጥላለሁ! መጨረሻ ላይ ታፋዋን ከኋላ ይዛ ቁጭ አለች። ጡንቻ ነው። በሁለት ሳምንት ይድናል።

ኅዳር 3
አልዳነም። በረዶ፣ እሽታ፣ እረፍት… ምንም። "ታስመስያለሽ እንዴ?" አልኳት። ምን አስለፈለፈኝ?

ኅዳር 14
"ትንሽ ቻል አድርጊው" ብዬ አስሮጥኳት። መቶ ሜትር ሳትሞላ ያው ቦታ ተቀደደ። ጩኸቷ ከጆሮዬ አልወጣም። አገሯ ጉኑኖ ያሉትን እናቷን ምን እላቸዋለሁ?

ኅዳር 16
ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሀጂራ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ታፋዋን አይታ ስትጨርስ "የወር አበባሽስ?" አለቻት። ዘነቡ እኔን አየች።
"ከመጋቢት ጀምሮ ቀርቷል። አሰልጣኝ ግን ጥሩ ነው ብላኛለች።"
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ብያታለሁ። "እሰይ፣ ተገላገልሽ፣ ሰውነትሽ ጠነከረ ማለት ነው" ብያታለሁ። ቀለል እንድትይ ራት ተይ ያልኳትም እኔው ነኝ።
ልጅቷ ስትወጣ ሀጂራ ተቆጣች። "ምግብ ሲያንስ፣ ሩጫ ሲበዛ የሴት ሆርሞን ይወርዳል። የተጎዳ ጡንቻ እንዲጠገን እሱም ሳያግዝ አይቀርም ይላሉ። ገና ተጠንቶ አላለቀም። ግን አገርነሽ፣ ስምንት ወር ሲቀርባት እሰይ ይባላል?"
እኔም በሩጫ ዘመኔ ቀርቶብኝ ነበር። አሰልጣኜ አጨበጨበልኝ። ዛሬም ደረጃ ስወጣ ታፋዬን ያመኛል… አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 17
ስሟን ከሐዋሳው ዝርዝር ሰረዝኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላት ሄጄ "እረፊ" ብቻ ብያት ተመለስኩ። ፈሪ!

ታኅሣሥ 20
ውድድሩ አለፈ። ቀን ቀን እንቁላልና ወተት እወስድላታለሁ። "አሰልጣኝ፣ ያወፍረኛል" ትላለች። ማን አስተማራት?

ጥር 11
አሁንም አልነገርኳት። ማነከሷ ቀንሷል።

የካቲት 2
ዛሬ ከሰዓት ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። አንገቷን ደፍታለች።
"አሰልጣኝ፣ ይቅርታ… የወር አበባዬ መጣብኝ። ሰውነቴን አበላሸሁት መሰለኝ።"
ይቅርታ? እኔን?
አስገብቼ አስቀመጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የመጋቢቱን፣ የራቱን፣ ታስመስያለሽ ያልኳትን። ሐዋሳን ያሳጣኋት እኔ መሆኔን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን እያየች ጠየቀችኝ።
"ታዲያ… ራት መብላት እችላለሁ?"
አልቅሼ ሲወጣልኝ ድስት ጣድኩ።