ለሞጣ የመጣው ማሽን ቢቸና ቀረ

ቢቸና፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ውድ ስጦታው፣

«ውድ» ስላልኩህ ደስ እንዳይልህ። ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብሎ ያስተማረን የማታ ትምህርት መምህራችን ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልግበት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ «አንቱ» ስልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ «አንተ» ነህ። ካናደደህ ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጠውና ሲበርድልህ አንብበው።

እህትህ ሰብለ ወንጌል እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥታ ነበር። ገና ሳትቀመጥ «ዘርፌ፣ ወንድሜ ሞጣ ላይ ብቻውን ቀረ። ሳባ ጥላው ሄደች፣ ምግብ ቤቱም ተዘጋ። ወደ ቤቱ ይመለስ በይኝ» አለችኝ።

«ወደ ማን ቤት?» አልኳት። ያኔ ተቀመጠች።

መልሴን በእሷ አፍ መላክ አልፈለግሁም። እህት ናትና መንገድ ላይ ታለዝበዋለች። እኔ ደግሞ እንዲለዝብ አልፈልግም። ስለዚህ በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ያ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ትዝ ይልሃል? ከአዲስ አበባ የመጣው መኪና እኔ ጋ ነበር ያራገፈው፤ የሞጣው ማዕድ ቤትህ ልስኑ ገና አልደረቀም ነበር። በካርቶኑ እንዳለ ጓዳዬ ውስጥ አቆምከውና «ማንም እንዳይነካው» አልክ። ለማን እንደሆነ ጠየቅሁህ።

«ለሳባ ነው። እጇ ስስ ነው፤ ውሃ አይስማማትም።»

ዓይን ዓይኔን እያየህ ነው ይህን ያልከኝ። እኔ ያን ጊዜ እስከ ክንዴ አረፋ ውስጥ ነበርኩ። የምግብ ቤታችንን ሳህን ከወጣትነቴ ጀምሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በአመድ፣ ኋላ በሳሙና። ጣቴ ከመላላጡ የተነሣ ቀበሌ ሄጄ አሻራ ስጠየቅ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው መስመር የሌለው ጥቁር ነጥብ ነበር። ጸሐፊው «እንደገና ይጫኑ እናቴ» ይለኛል፤ እጫናለሁ፤ ያው ነው። የእኔን እጅ ውሃ ይስማማው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?

ከዚያ ለፍቺ ሽማግሌ ፊት ቀረብን። መሪጌታ ሣህለ ማርያም የቢቸናውን ቤት ለእኔ፣ የሞጣውን ላንተ ካሉ በኋላ የዕቃው ነገር ተነሣ። የተናገርከውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አልጨምርበትም። «የተተከለ ለቤቱ ይሁን። ቅዳሜ መኪና ይዤ ስመጣ ሳይተከል የቆመ ሁሉ የእኔ ነው።» አልጋውን፣ ወንበሩን፣ ፍሪጁን፣ ድስቱን ሳይቀር በዓይንህ እየጫንክ ነበር። እኔ ግድግዳ ታቅፌ ልቀር።

«አንቺስ ትስማሚያለሽ?» አሉኝ መሪጌታ።

«እስማማለሁ» አልኩ።

ያን ጊዜ ፈገግ አልክ። ማሽኑን ያስተከለኝ ያ ፈገግታህ ነው።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛውን አስናቀውን አስጠራሁ። ባንኮኒውን ታውቀዋለህ፤ ከዓባይ በረሃ አስመጥተህ ያስነጠፍከው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ ያለውን መደርደሪያ ነቅለን ማሽኑን አስገባነው። ቁመቱ የተለካለት ይመስል ልክ ገባ፤ ግራና ቀኙ ብቻ ጥቂት ክፍት ቀረ። አስናቀው ቱቦውን ቀጥሎ «አለቀ እትዬ» አለኝ። እኔም ብርጭቆና ሳህን ሞላሁበትና በሩን ወደ ታች ከፍቼ ሳህን የተደረደረበትን ሽቦ ወደ እኔ ሳብኩ። ማሽኑ እንዳለ ወደ ፊት ዘመመ። እኔ በጉልበቴ ደገፍኩት፤ ብርጭቆው ግን ወለሉ ላይ አለቀ።

ወጥ ሠሪዬ ፈንታነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ «እትዬ፣ ይሄማ እንደ ጋሼ ነው፤ ከሞላ ይወድቃል» አለች።

አስናቀው ማሽኑ አናት ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ጆሮዎች አሳየኝ። «እነዚህ ከላይ በብሎን መታሰር ነበረባቸው። ከላይ ያለው ግን እንጨት አይደለም» ብሎ መሰርሰሪያውን ወደ ድንጋዩ አነሣ። እጁን ያዝኩት። ድንጋዩ ከተሰነጠቀ ባንኮኒውንም ማሽኑንም ማጣቴ ነው። በማጣበቂያ ከድንጋዩ ሥር ጣውላ ለጠፈልኝ። ማሽኑ ሠርቶ እንፋሎቱ ሲነካው ጣውላው ተላቆ ወደቀ። ቅዳሜ እየደረሰ ነበር።

«ጆሮዎቹ ወደ ጎን አይታጠፉም?» አልኩት።

«መታጠፉን ይታጠፋሉ። ግን ጎኑ የጭቃ ግንብ ነው፤ ብሎን አይዝም። ደኅና እንጨት ቢኖር...»

ዞር ስል የበሩ መወርወሪያ ታየኝ። ቤቱ ሲሠራ አባቴ ጠርቦ ያመጣው ወይራ ነው። አምሽተህ በመጣህ ቁጥር ከመኝታዬ ተነሥቼ ያን መወርወሪያ አንሥቼልሃለሁ። ጠጅ ሸትተህ ስትመጣ አንሥቼልሃለሁ። የሰው ሽቶ ሸትተህ ስትመጣም አንሥቼልሃለሁ።

«ይሄን ለሁለት ቁረጠው» አልኩት።

«በሩ በምን ይዘጋል እትዬ?»

«ቁልፍ እገዛለሁ። ተነሥቼ የምከፍትለት ሰው የለም።»

ወይራ መሆኑን መጋዙ ያውቃል፤ አስናቀው ሸሚዙን አውልቆ ነው የጨረሰው። ሁለቱን ቁራጭ በማሽኑ ግራና ቀኝ አቆማቸው። ከሲሚንቶው ወለል እስከ ድንጋዩ ሥር ወጥሮ አስገባቸውና እግራቸውን በብረት አሰረ። ከዚያ ጆሮዎቹን ወደ ጎን አጥፎ ብሎኑን ወይራው ውስጥ አጠበቀ። ድንጋዩ አልተጫረም።

ቅዳሜ ተሸካሚ አስከትለህ፣ አይሱዙ ይዘህ መጣህ፤ መሪጌታም ክፍፍሉን ሊያዩ መጡ። አልጋው ወጣ፣ ፍሪጁ ወጣ፣ ድስቱ ወጣ።  ማዕድ ቤት ስትደርሱ ተሸካሚዎቹ ማሽኑን አቅፈው ሳቡ። ንቅንቅ አላለም።

«ምን ተደርጎ ነው?» ብለህ ጎንበስ አልክ። ወይራውን ስታይ ፊትህ ተለዋወጠ። «መሪጌታ፣ ይቺ ሴት ትናንት ነው ያሰረችው!»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ወይራውን መታ መታ አደረጉት። «ትናንት የተተከለ ዛፍ፣ ዛፍ አይባልም ልጄ?»

«ብሎን ነው እኮ! አሁን ፈትቼ አሳይዎታለሁ!»

«ብሎን የሚፈታ ከሆነ በሩም በብሎን ነው፣ መስኮቱም በብሎን ነው። መስኮቷንም ልትጭን ነው?»

ተሸካሚዎችህ ሳይቀሩ ሳቁ። አንተ ግን አልተውክም። የማሽኑን በር ከፍተህ በሁለት እጅህ ተጫንከው፣ ዘሞ እንዲነቀልልህ። «ጋሼ፣ ይቀመጡበት እንጂ!» አለች ፈንታነሽ። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች እንኳ አልተንኳኩም። መሪጌታ «የተተከለ ለቤቱ ያልከው አንተ ነህ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ያን ዕለት መሬት ላይ ተኛሁ። አልጋ አልነበረኝም። እንደዚያ ቀን ግን ተኝቼ አላውቅም።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ውሃ ሲጠፋም ይቆማል። ሲመጣ ግን ሳህኑ የእሱ ነው፣ ማታው የእኔ ነው። በዚያ ማታ ደብተር ይዤ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አንዳንዷ «በዚህ ዕድሜሽ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔ «ሀ» ብዬ ቀጠልኩ። እጄ ደረቀ፣ ቆዳው ተመለሰ። ዛሬ ቀበሌ ስሄድ አሻራዬ ይወጣል፤ አሁን ግን አልፈልገውም፤ እፈርማለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ያን ቅዳሜ ከዚህ ቤት ሳይተከል የቆመ ሁሉ ወጥቷል። አንተም አብረህ ወጥተሃል፤ ከአይሱዙው ጋቢና ሆነህ ዞር ብለህ እንኳ አላየህም። ፍርዱን የሰጠኸው አንተ ነህና በአንተው ፍርድ ኑር። ሽማግሌ አትላክብኝ፤ ከመጡ ወይራውን አሳያቸዋለሁ።

መንገድ ቢቸና ካመጣህ ምሳ ብላ፤ ምግብ ቤቱ ለማንም ክፍት ነው። ጾም ስለገባ ሽሮ አለ፣ ክክ አለ። እንደ ገበያተኛው ተራህን ጠብቀህ ትቀመጣለህ። በልተህ ስትጨርስ ፈንታነሽ ሳህንህን አንሥታ ማሽኑ ውስጥ ታስገባዋለች።

እኔ ላንተ እጄን አላረጥብም።

ዘርፈሽ
(በገዛ እጄ የፈረምኩት)