ጣሪያው የእኔ ነው

ሪቻርድሰን፣ ጁላይ 14፣ 1996

ልጄ ናሆም፣

የተወለድኩበት ቀዬ ክረምቱን በሰላም ያክርምህ፤ እግርህን እንቅፋት አይምታው። እኛ ደህና ነን። አባትህ የመኪናህ ባትሪ እንዳይሞት በየቀኑ ያስነሳታል።

ደብዳቤህን ግሬፕቫይን ከተማ፣ የምሠራበት ሆቴል ጓሮ ፓርክ አድርጌ ሥራ ሳልገባ አነበብኩት። ፊደሉን ሁሉ ስትሳሳት «እማዬ ጥሩዬ» የሚለውን ብቻ አልተሳሳትክም። ጥሩወርቅ እህቴ ናት፤ ላንተ አክስትህ ናት። እማዬ አንድ ናት፣ እሷም እዚህ የሰው አልጋ ታነጥፋለች።

አባታችን የወንዙን ድልድይ ጣሪያ ያለበሰው እሷን ጉንፋን ስለሚይዛት ነው አለችህ? ኦኬ፣ ትበል። ድልድዩ መጀመሪያ ሁለት ግንድ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ከትምህርት ቤት ስመለስ እርጥቡ ግንድ አዳልጦኝ ወንዝ ገባሁ፤ በፀጉሬ ጎትተው አወጡኝ። አባባ በዚያው ዓመት ሳንቃ መታበት፣ ዝናብ እንዳያርሰው ደግሞ ቆርቆሮ አለበሰው። ቆርቆሮው ለቤታችን የተገዛ ነበር። እኛ በሚያፈስ ሣር ቤት ሁለት ክረምት ከረምን። ሶ፣ ጣሪያው የእኔ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። የድልድዩ መሃለኛ ምሰሶ ላይ ዕፀ ሕይወት ብዬ ስሜን በቢላዋ ቀርጬ ነበር። ከጎኑ የተፋቀ ስም ታያለህ። የእሷ ነው። የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሳታይህ መልሰህ ቅረጽላት።

ከእኔ ስም ግን ትንሽ አነስ አድርገው።

አምላክ በሰላም አሻግሮ ይመልስህ።

እማዬ