የመጀመሪያው ጥፊ

ይድረስ ለኬዲዬ፤

አላህ ይዘንልህና፣ ጥለኸኝ ከሄድክ ሰባት ወር አለፈ። እኔ አሁንም አትክልት ተራ ሽንኩርቴን እሸጣለሁ። ልጃችን ሀያት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ያንተ ሸሚዝ ልኳ ስለሆነ ቤት ውስጥ እሱን ለብሳ ነው የምትውለው። አውልቂው አልላትም። እኔ ግን አውቶቡስ ላይ መውጣት አቅቶኝ በእግሬ እመላለሳለሁ።

አንድ ቀን ጆንያዬን ይዤ አንተ በምትነዳው አውቶቡስ ስመጣ፣ በራችን ላይ አውርደኝ ብዬ ብለምንህ፣ እምቢ ብለህ እስከ ፌርማታው ወሰድከኝ። ተሸክሜ ተመለስኩ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ፣ አንተ ትስቃለህ። ለሚስቱ ያልቆመ ሰው፣ ለዚያ ለእህል በረንዳው ደላላ ከፌርማታ ውጪ አልቆምም ቢል ምን ይገርማል?

ደላላው በዚህ ተናዶ በጥፊ የመታህ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ጫማህን አጥልቀህ ነበር። የከለከልኩህ እኔ ነኝ። የሰፈር ልጅ ነው፣ ነገ እንፈላለጋለን፣ በሽማግሌ እንጨርሰው አልኩህ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሻይ አፈላሁላቸው፣ እሱም ጉልበትህን ስሞ ሄደ። ለእኔ ብለህ ይቅር አልክ እንጂ ፊትህ አልተፈታም ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ሰው፣ እዚያው ቦታ፣ ቁም አለህ። አልቆምክም። ፌርማታው ላይ ወርዶ በመስኮትህ በኩል ዞረና በድንጋይ ጭንቅላትህን አለህ። እኔ ያን ሰዓት ሽንኩርት እየመዘንኩ ነበር ኬዲዬ፣ እየሳቅኩ።

አሁን የሾፌሮቹ መስኮት የሽቦ መከለያ ተገጥሞለታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይሁን፣ ለቀሩት ይጠቅማል። እኔ ግን የባልደረቦችህን ሚስቶች ባገኘሁ ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ጥፊ አትሸፍኑ፣ ያኔውኑ አመልክቱ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ጁምዓ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ቂም ይዞ ነው የገደለው እንዳይባል ስለ ጥፊው ፍርድ ቤት እንዳልናገር፣ ለእናቱ እንባ ስል እንድተወው ለመኑኝ። እናቱ ታሳዝነኛለች፣ እውነቴን ነው። ቢሆንም እያለቀስኩ መለስኳቸው። ሽማግሌ የመለሰች ተብዬ ጎረቤቱ ሰላምታ ነስቶኛል።

ሰኞ ችሎት ቀርቤ እመሰክራለሁ። እንዳትከስ የያዝኩህ እኔ መሆኔንም እናገራለሁ። ሀያት ቁጭ ብላ ትሰማኛለች፤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ እማዬ ብትለኝም ባትለኝም፣ እስክሞት ድረስ አስታውስሃለሁ፤ የራሴን ጥፋት ሳልቀንስ።

ያንተው ዘይነብ