የዘገየ ግስ

ይድረስ ለእታለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ በቀልዴ አንድ ቀን እንኳ ፈገግ ብሎ ባያውቅም አከብረዋለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ፋብሪካ በር ላይ፣ ጠባብ የጥበቃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዘበኛ የሆንኩት በፊልም ነው፤ እንዳትደነግጪ። ካፖርቱ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፤ ጺሙን በማስቲሽ ስለለጠፉልኝ በተናገርኩ ቁጥር ቆዳዬን ይጎትተኛል። የፊልሙ ሹፌር ከቀረጻው በኋላ ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ ከተማ ይወርዳልና ደብዳቤውን እጅሽ ላይ እንዲያኖርልኝ ለምኜዋለሁ። ስልኬን ስለማታነሺ ነው። ተናድጄብሻለሁ፤ አልደብቅሽም።

እማዬ ታማለች። ሆስፒታል ተኝታለች። ልቧ ነው። ሐኪሙ ሌሎች ልጆች ካሏት ቶሎ ይምጡ ብሎኛል። ይኸው፣ አንዱንም ግስ አላንጠለጠልኩብሽም።

በስልክ ልነግርሽ ስሞክር እማዬ ሆስፒታል ካልኩ በኋላ ገባች የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችኝ። አንቺ ግን በሳቅ ፈረስሽ። ምን፣ ሐኪሞቹን ልትቆጣ ነው የሄደችው አልሽኝ። ቀጥለሽም ሥራ ላይ ነኝ፣ አዲሱን ቀልድህን ሌላ ሰው ላይ ሞክረው ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ በጽሑፍ መልእክት ላክሁልሽ። የሚስቅ ፊት መለስሽልኝ።

ልፈርድብሽ ፈልጌ አቃተኝ። ቋንቋችን ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ የዕለት ጉርሴን ያገኘሁት ያንን ግስ ከማዘግየት ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ አባቴ ለእኛ ሲል ሥራውን፣ እንቅልፉን፣ መጠጡን… እል ነበር። የሰዉ አንጀት ሲላወስ ዝም ብዬ እቆይና፣ አልተወም ስል አዳራሹ ይገለበጣል። አንቺም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እንባሽ እስኪፈስ ስቀሻል። እጇን አጣምራ የምታየኝ እማዬ ብቻ ነበረች። ቤት ስንገባ፣ ለመሆኑ ሰዉ የሚስቅልህ ነው ወይስ የሚስቅብህ ትለኝ ነበር።

ቀልዶቼ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብተው አረጁ። አንድ ምሽት አንዱ ጎረምሳ የቀልዴን መጨረሻ ቀድሞኝ ከወንበሩ ሲናገር መድረኩን ተውኩት። ከዚያ በየፊልሙ ደላላ ሆንኩ፣ ሰካራም ሆንኩ፣ ቤት አከራይ ሆንኩ። እማዬ አከራዩን ሆኜ በቴሌቪዥን ስታየኝ፣ እውነትም ያስጠላል ብላ አጠፋችው። ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ይሄ ዘበኛ ከበፊቶቹ ሁሉ ከበድ ያለ ሚና ነው። ፋብሪካው ተቃጥሎ ባሏን ፍለጋ የመጣችውን ሴት በሩ ላይ የሚቀበላት እሱ ነው። የምላትም፣ ሁሉም ወጥተዋል፣ ባልሽ ግን አልወጣም ነው። ትናንት ባልሽ ግን ብዬ ትንፋሽ ስወስድ መብራት የያዘው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ደገምን። ሚስቲቱን የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። አዘጋጇ ቀልድ የሚባል ነገር በአጠገቧ አልፎ የማያውቅ ሴት ናት። ለብቻዬ ወሰደችኝና፣ የሚያስቀው ዝምታህ ነው፣ ዝም ስትል ሰዉ ለሳቅ ይዘጋጃል፣ ቃሉን ቶሎ ጣለው አለችኝ። ነገም ካልሆነልህ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብላ ጨረሰች።

ታዲያ እናትህን ጥለህ እዚያ ምን ትሠራለህ ትይኝ ይሆናል። ራሷ ናት ያባረረችኝ፤ በእኔ ምክንያት ሥራህን ብትተው አልምርህም ብላ። ከእሷ ጋር መከራከር ታውቂዋለሽ። ስወጣ ጎረቤታችን አጠገቧ ትቀመጣለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ መጣች ወይ ትላለች። ነርሷ መሆኗን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያንን ማየት ነው ያቃተኝ። ፈርቻለሁ፣ እታለሜ። ስለዚህ ሹፌሩ ሲመለስ አብረሽው ተሳፈሪ። ልብስ አትምረጪ፣ አለቃሽን አታስፈቅጂ። ሩጪ።

ጠሩኝ። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ።

ተመለስኩ። ወደ በሩ ስሄድ ስልኬ ጮኸ፤ ጎረቤታችን ነበረች። እሺ አልኳት። ስልኩን ለአልባሳት ኃላፊዋ ሰጥቼ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ተዋናይዋ እየሮጠች መጣች። ሁሉም ወጥተዋል ባልሽ ግን አልወጣም አልኳት፤ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ማንም አልሳቀም። እሷም የራሷን ቃል ረስታ የካፖርቴን እጅጌ ይዛ ቆመች። አዘጋጇ ድገሙ አላለችም። በኋላ መጥታ ይህን ከየት አመጣኸው ስትለኝ ጺሜን እየላጥኩ ነበር፤ ማስቲሹ አቃጠለኝ ብያት ፊቴን ታጠብኩ።

ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ከላይ የጻፍኩትን እንደገና የምጽፍበት ጊዜ የለኝም፤ አንዱን ብቻ ላርመው። አትሩጪ። መጀመሪያ እህል ቅመሺ። ለአለቃሽ ንገሪው፣ ሰንበትበት ማለትሽ አይቀርም። ልጆቹንም ባልሽንም ይዘሽ ነይ፤ መንገዱን ብቻሽን እንዳትመጪው። ወደ ሆስፒታሉም አትሂጂ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ነይ። ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ወንድምሽ