ሐኪሟ ስለ አንቺም ጠየቀችኝ

ውድ እማዬ፣

ትናንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጊብኝ ተናድጄ ነበር። አሁን በርዶልኛል። በስልክ እኔ ሁለት ቃል ሳልናገር አንቺ አሥሩን ስለምትቀድሚኝ በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ብትናደጂ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ፤ ሲበርድልሽ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

እህቴ አፏ አላርፍ ብሏት ቀደመችኝ እንጂ እኔው ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት። አዎ፣ ክብደት የሚቀንስ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ሐኪም ያዘዘችልኝ፣ በየሳምንቱ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ ነው። "አፍ መዝጋት ያቃተው ሁሉ በመርፌ ይከሳል እንዴ? ምነው ድንቡሼ፣ እኔ እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?" አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል ስልኩ ጭው አለብኝ። መልሴ ይኸውልሽ።

ነገሩ የመጣው በፈተና ቀን ነው። ለተማሪዎቼ የሂሳብ ፈተና አድዬ፣ ሰዓቱን ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ሁሉም ጨርሰው፣ ወረቀታቸውን ገልብጠው ያዩኛል። ያቺ ቀኑን ሙሉ "ዝም በይ" ስላት የምውለው ለፍላፊ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከኋላ ያሉትን ጸጥ ታሰኛለች። ከእንቅልፌ እንዳልነቃ ነው፣ እማዬ! ደክሟት ነው ብለው አዝነውልኝ። ቀና ስል በሩ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቆሟል።

ቢሮው ወሰደኝ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ውኃ ቀዳልኝ። "እህቴ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይም እንዲሁ ሆነሻል። አንዳንዱ ይስቃል፤ እኔን ግን አስፈርቶኛል። ሐኪም ይይሽ። እስከዚያ ክፍሉን ሌላ ሰው ይይዝልሻል" አለኝ። ያስተማርኩበትን ዘመን ታውቂያለሽ። ከዚያ ክፍል መውጣት ከቤቴ የመባረር ያህል ነበር የሆነብኝ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው አልደነገጠም። አንገቱን ደፍቶ፣ "ስትተኚ ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል" አለኝ። "እኔ ቀና ብዬ እጠብቃለሁ። አልመለስ ሲል ትከሻሽን እነቀንቅሻለሁ። እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።" ምስኪን! ለካ ዓይኑ የሚቀላው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ኳስ እያየ ያመሻል ብዬ ስጨቀጭቀው ነበር የከረምኩት።

ሐኪም ቤት መሄድ ለእኔ ምን እንደሆነ አይጠፋሽም። ጆሮዬን አሞኝ ብሄድም፣ ጉንፋን ይዞኝ ብሄድም መልሱ አንድ ነበር፤ "ቀንሺ።" ያውም ቀና ብለው ሳያዩኝ። የስፖርት አስተማሪዋ ባልደረባዬ አንዲት የምታውቃት ልጅ ይህንኑ መርፌ ከውበት ሳሎን ገዝታ፣ ያለ ሐኪም እየተወጋች ልብሷ ሁሉ እንደሰፋት ስትነግረኝ ልቤ ከጅሎ ነበር። ልገዛው ጫፍ ደርሼ ሳለሁ፣ ልጅቷ ስታስመልስ ውላ ስታስመልስ አድራ በአምቡላንስ መወሰዷን ሰማሁ። ያኔ ነው ፍርሃቴን ውጬ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት።

ሐኪሟ በዕድሜ ታንሰኛለች። አንቱ አንቱ ስትለኝ "አንቺ በይኝ" ያልኳት እኔው ነኝ። እንደገባሁ ዓይኔ ያረፈው የታካሚው ወንበር ላይ ነው። ሰፊ ነው፤ የእጅ መደገፊያ የለውም። አንቺ ይሄ ምንም አይመስልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን የትም ስገባ ከሰው በፊት የማየው ወንበሩን ነው። ሳልጣበቅ ተቀመጥኩ።

ከዚያም ቤቴ ሆኜ አጥንቼው የሄድኩትን አነበነብኩት። "አውቃለሁ ዶክተር፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ራሴን መግዛት አቅቶኝ ነው፣ ግን እባክሽ..."

"ቆይ ቆይ፣ ማን ከሰሰሽ?" አለችኝ ሳቅ ብላ። "ይልቅ እስካሁን የሞከርሽውን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። የሎሚ ውኃውን፣ በቀን አንዴ መብላቱን፣ ወገቤ ላይ ላስቲክ ጠምጥሜ መሮጡን። ለሠርጌ ስከሳ ቬሎዬን ደጋግመሽ እንዳጠበብሽው፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የቀሚሶቼን ስፌት እየፈታሽ እንዳሰፋሽልኝም ነገርኳት። ስትጽፍ ቆይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይሄን ሁሉ የታገለን ሰው ሰነፍ ነው ያለሽ ማነው?"

እንባዬ ቀደመኝ። ሶፍት አቀበለችኝና እስክረጋጋ ጠበቀችኝ፤ ሰዓቷንም አላየችም።

ስለ መርፌው ስጠይቃት አላሽሞነሞነችውም። "አንጀታችን ለአንጎላችን 'ጠግቤያለሁ' የሚልበት መልእክት አለ" አለችኝ። "አንዳንድ ሰው ላይ ደክሞ ነው የሚደርሰው። መድኃኒቱ ያንን ያጎላዋል። ምትሃት አይደለም፤ አመጋገቡም እንቅስቃሴውም አብሮ ይሄዳል። ያቅለሸልሽሻል፤ ሊያስመልስሽም ይችላል። የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ከመጣ ሳትውይ ሳታድሪ ትመጪያለሽ። ማርገዝ ካሰብሽ አስቀድመሽ ትነግሪኛለሽ። ስታቆሚው ደግሞ ክብደቱ ሊመለስ ስለሚችል ምናልባት ለረጅም ጊዜ አብሮሽ ይኖራል። ይህን ያህል ትቀንሻለሽ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።" ለትንፋሼ የእንቅልፍ ምርመራ አዘዘችልኝ፤ እሱ መድኃኒቱን አይጠብቅም አለች። አሁን አፍንጫዬ ላይ አየር የሚነፋ ጭንብል አድርጌ ነው የምተኛው። ባለቤቴ "ከአውሮፕላን አብራሪ ጋር ተኛሁ" እያለ ይስቅብኛል፤ ቢሆንም እንቅልፍ ጠግቧል።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ከነከነኝ። "ዶክተር፣ ይሄ ማጭበርበር አይሆንብኝም?" አልኳት።

"ማንን ነው የምታጭበረብሪው?" አለችኝ።

አሰብኩ አሰብኩ፣ ከአንቺ በቀር የመጣልኝ ሰው የለም።

መድኃኒቱን ከማዘዟ በፊት ስለ ዘመድ አዝማድ ጠየቀችኝ። በቤተሰብ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር የያዘው አለ? የቆሽት ሕመምስ? የለም አልኳት። ስለ ውፍረት ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ "አባቴ ቀጭን ነበር፣ እህቴም ቀጭን ናት፣ እናቴማ ራሷን የምትገዛ ሴት ናት፣ አንድም ቀን ወፍራ አታውቅም" አልኳት በኩራት።

"እናትሽ ምን ትበላለች?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት የልጅነት ገበታችን ታየኝ። ገበታው ዙሪያ ሁላችንም አለን፣ አንቺ ብቻ ቆመሽ ታቀርቢያለሽ። "እኔ ቅድም ቀምሻለሁ" ትያለሽ። ትኩስ ውኃሽን ትጠጫለሽ። ከሰዓት መኪናሽ ላይ ስትሰፊ ሆድሽ ሲጮህ እኛ ልጆቹ ሰምተን ስንስቅ፣ "መኪናው ዘይት አምሮት ነው" ትይን ነበር። እኛም አምነን ዘይት እናመጣልሽ ነበር! ለካ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ርቧት ነው የኖረችው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የገባኝ፣ እማዬ። "ትጾማለች" አልኳት ለሐኪሟ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሷም ጎንበስ ብላ ጻፈች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የሽንኩርት ሽታ ከቤት ያስወጣኝ ነበር። ወደ ክፍሌ ከተመለስኩ በኋላ እንኳ ትምህርት አቋርጬ ወደ መጸዳጃ ቤት የሮጥኩበት ቀን አለ። ላቆመው ወስኜ ደወልኩላት። "መጠኑን አሁን አንጨምርም፤ ሰውነትሽ ይልመደው፤ ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ ቅባቱን ተዪው" አለችኝ። ሰማኋት፤ ቀስ በቀስም ለቀቀኝ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና ሳርም፣ ባልደረባዬ "ምሳሽን አትበይም እንዴ?" አለችኝ። ዞር ስል ሳህኔ እንደተከደነ ነው። ረስቼው ነበር። እኔ! ምግብ ረሳሁ! ሌላው ሰው እንዲህ ነው ለካ የሚውለው፤ ሐሳቡ ሥራው ላይ፣ ሆዱ በቦታው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ግማሹ ደስታ ነው፤ ግማሹ ግን ስለ አንቺ ነበር። ያንን የረሃብ ጩኸት ብቻሽን፣ ለማንም ሳትነግሪ፣ ልብስ እየሰፋሽ...

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩ ጠራ፤ አንቺ ነበርሽ። እየጻፍኩልሽ መሆኔን አልነገርኩሽም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራሽኝ፤ ቀጥለሽ ስለ ጎረቤትሽ አዲስ መጋረጃ፣ አሰፋፉ ጠማማ ነው አልሽኝ። ከዚያ ወደ ነገሩ መጣሽ።

"ያስመልሳታል አለችኝ እህትሽ።"

"አሁን ተሽሎኛል፣ እማዬ።"

"መርፌውስ? ያማል?"

"ትንኝ የነከሰኝ ያህል ነው።"

ልትዘጊው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አጠገብሽ ሰው ያለ ይመስል ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "ረሃቡ ዝም ሲል... እንዴት ነው?" አልሽኝ።

"እጽፍልሻለሁ" አልኩሽና እስክሪብቶዬን መልሼ አነሳሁ።

እንዲህ ነው፣ እማዬ። ቤት ውስጥ ሲያለቅስ የሚውል ሕፃን አለ እንበል። ስትሠሪም፣ ስታወሪም፣ ስትስቂም ግማሽ ጆሮሽ እሱ ጋ ነው። አንድ ቀን ዝም ይላል። መጀመሪያ ደንግጠሽ ሄደሽ ታይዋለሽ። ተኝቷል። ተመልሰሽ ቁጭ ስትይ ያን ጊዜ ነው ምን ያህል ደክሞሽ እንደኖርሽ የሚታወቅሽ።

ለአንቺ መርፌ አያስፈልግሽም፤ ሐኪሟም እንደዚያ አላለችም። ብቻ ባለፈው ስሄድ፣ "እናትሽ ደህና ናቸው? ቢመጡና ብናወራ ደስ ይለኛል" አለችኝ። ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን፤ ካልፈለግሽም አላስገድድሽም። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ግን እኔ እመጣለሁ። የማበስለው እኔ ነኝ፣ አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ርቦሽ ስለኖርሽበት ዘመን ከልጅነትሽ ጀምረሽ ንገሪኝ። ጠይቆሽ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ እጠይቅሻለሁ።

እስክመጣ ድረስ ናፍቆቴን ያዢልኝ።

ልጅሽ